ሩቅ ላለው ዘመድ የሚላከው ሳጥን

ፊሊፕስበርግ፣ ሞንታና
ኤፕሪል 12 ቀን 1958

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለጃቤዝ ፔንሄል፤

ጤናውን አብዝቶ ይስጥህ፤ በረዶውም ድቡም ፊቱን ያዙርልህ። እኔ አለሁ። እንዲህ መሆንም መኖር ከተባለ ማለቴ ነው።

በየዓመቱ የአረር ሳጥን ስልክልህ አንድም ቀን ደብዳቤ አብሬ አስገብቼ አላውቅም። አንተም «ጥሩ ነው» ከምትል ካርድ በስተቀር ጽፈህልኝ አታውቅም። ስለዚህ ይሄን ወረቀት ስታይ ሰው ሞተ ብለህ ትደነግጥ ይሆናል። ሰው አልሞተም። የተቃጠለው ወርክሾፑ ነው።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው የሆነው። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ባልዲ ውስጥ ተጥሎ ነበር። ለምሳ ገብተን ሳለ ራሱ ግሎ ራሱ ተቀጣጠለ። ማን እንደጣለው አልጠየቅሁም፤ እዚያ ቤት ጨርቅ የምንጥለው እኔና ወንድሜ ዴንዚል ብቻ ነን። እሱ ፓስቲውን፣ ሥጋና ድንች ያለበትን ቂጣ፣ ገና አንዴ እንደገመጠ ጭሱን በመስኮት አየና ሮጠ። «ተው» ብዬ ኮቱን ያዝኩት፤ ኮቱ እጄ ላይ ቀረ። ሲወጣ አባትህ በእጃቸው የሠሯቸው ፎርማዎች ያሉበትን የቆርቆሮ መሳቢያ ደረቱ ላይ ታቅፎ ነበር። እርሳሱና መዳቡ ገብቶ አረር ሆኖ የሚወጣባቸው እነዚያ ብረቶች ባይኖሩ እኛ ምን ነን? እነሱን ብሎ ነው የገባው። ቆርቆሮው ግሎ ስለነበር መሳቢያውን ከመዳፉ ያላቀቅነው ከነቆዳው ነው።

ሐኪሙ ጣቶቹን አንድ በአንድ ለያይቶለታል፤ ምንም አይሰማቸውም እንጂ። ጉሮሮውን ጭስ ጎድቶት ነበር፤ አሁን ድኗል፣ መናገር ይችላል ተብሏል። እሱ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ቃል አልተነፈሰም። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የከሰለውን ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ሰው መጥቶ ቢጠይቀው ዓይኑን አይመልስም።

እኔ የወሰንኩትን ልንገርህ። የአያታችንን አሮጌ መጭመቂያ ማሽን ከከብቶቹ በረት አውጥቼ እያጸዳሁት ነው። ማሽኑ ድምፁን ካሰማ ዴንዚል ይነሳል። ካልተነሳ ወንድሜን በቁሙ ቀበርኩት ማለት ነው። ሥራ እንደጀመርን የመጀመሪያው ሳጥን እንደ ወትሮው ወዳንተ ይመጣል። አያታችን ያሉትን ታውቃለህ፤ ቅርብ ያለ ዘመድ ያቆላምጣል፣ ሩቅ ያለ እውነቱን ይነግራል። አንተ ተኩሰህ ካልጻፍክ አንዲት አረር አትሸጥም።

ከአንተ የምፈልገው ምንም የለም፤ ወሬህን ብቻ ጻፍልኝ። ብዙ የሚሸጥልን የሠላሳው ካሊበር አረር መሆኑን አትረሳም። ከመሳቢያው ውስጥ የሠላሳው ፎርማ አንድ ተገኝቷል። ድሮ ሁለት ነበሩ።

የአጎትህ ልጅ ላቪኒያ


ኢሊያምና ሐይቅ፣ አላስካ
ጁን 3 ቀን 1958

ለእህቴ ለላቪኒያ፤

ሰላም ለቤትሽ ይሁን፤ ከመከራው የተረፈውን እግዜር ይጠብቅልሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ገና ትናንት ነው። እዚህ በረዶው ሲሰባበር አውሮፕላን በበረዶም በውሃም ላይ ማረፍ አይችልም፤ ሐይቁ እስኪጠራ ሁላችንም ከዓለም እንቆረጣለን።

ሦስቴ አነበብኩት። ዴንዚል ምርጥ እጅ ነበረው። ይሄን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ገንዘብ ካስፈለገሽ በበልግ የመራኋቸው አዳኞች ከከፈሉኝ ላይ እልክልሻለሁ፤ አትግደርደሪ። በጭስ የደረቀ ሳልሞን አብሬ ልኬያለሁ። ጎበዝ እንጨት ጠራቢ ጎረቤት አለኝ፤ ለዴንዚል እጀታው ወፈር ያለ ማንኪያ እንዲሠራለትና እንዲልክልሽ ነግሬዋለሁ። ሌላም የሚያስፈልግሽ ካለ ንገሪኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ፎርማዎቹ እሳት ካዩ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት አፋቸውን በሞረድ ሞክሪው። ሞረዱ ከተንሸራተተ ደህና ናቸው። ከነከሰ እሳቱ ጥንካሬያቸውን በልቶታል ማለት ነውና አንድም አረር አታውጪባቸው። ሲወለወሉ እንደ ድሮው ያበራሉ፤ እሱ አያታልልሽ።

ከነገ ወዲያ ለሳልሞን ወቅት ወደ ባሕር እወርዳለሁ፤ እስከ ጁላይ አጋማሽ አልመለስም። ለዴንዚል ሰላም በይልኝ። ከወጣሁ ጀምሮ ቃል አልተለዋወጥንም፤ ቢሆንም ሰላም በይልኝ።

ጃቤዝ


ፊሊፕስበርግ
ጁን 20 ቀን 1958

ለጃቤዝ፤

ባሕሩ በሰላም ይመልስህ። ሳልሞኑ ደርሷል፤ ጎረቤት ሁሉ ቀምሶ አመሰገነህ። ማንኪያውም ደርሷል። ገንዘብ አልፈልግም። ያልጠየቅሁህን ስትዘረዝር ገጹ ሞላብህ አይደል? ይሁን፣ ሆድ ይፍጀው።

ማሽኑ ተነሳ። በረቱን በቆርቆሮ ከድነን፣ የጎረቤታችንን የትሬምባዝን ባለቤት አይቫን አስከትዬ፣ ሁለት ሴቶች አንድ ሳምንት ሙሉ ከዝገት ጋር ስንዳማ ከረምን። አይቫ «ይሄ ማሽን ከባሌ በላይ ያስቸግራል፤ ቢያንስ እሱ ዘይት አይጠይቅም» እያለች ስታስቀኝ ነው የጨረስነው። የመጀመሪያዋ አረር ስትወጣ ግን ማናችንም አልሳቅንም። መዳቧ አብርቶ፣ ጫፏ ሹል ሆኖ መዳፌ ላይ ቁጭ አለች። አይቫ መሐረቧን አወጣች።

ሞረድ ስላልከው። አላደርገውም። ሰው እጁን የሰጠበትን ብረት ሞረድ ላስነካው? እሱ ከመስኮቱ እያየኝ «ምናልባት ከንቱ ነው የተቃጠልከው» ልበለው? ወለወልኳቸው፤ እንደ አዲስ አበሩ። ለእኔ ያ ይበቃኛል።

ግን የሆነውን ስማ። አንድ ሳጥን ሞልቼ ጉልበቱ ላይ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ አስቀመጥኩለት። «ዴንዚል፣ የእጅህ ዋጋ ነው፣ እየው» አልኩት። አንዷን በሁለት መዳፉ መሃል አጣብቆ አነሳና ወደ ብርሃኑ አዞረ፤ ከዚያ ሳጥኑን በክርኑ ገፍቶ ወለሉ ላይ ደፋው። ተንበርክኬ አንድ በአንድ ለቀምኩ። አንገቱን አዙሮ ወደዚያ ግድግዳ ማየቱን ቀጠለ። ንገረኝ ጃቤዝ፤ እኔ ለማን ብዬ ነው ከዝገት ጋር የምታገለው?

ያንተን ሳጥን ግን እንደ ወትሮው ቀድመው የወጡትን ከላይ ደርድሬ ልኬልሃለሁ። ከባሕር እንደተመለስክ ተኩሰህ ጻፍ። አዳኞች አረር የሚገዙት ከሴፕቴምበር በፊት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዓመቱ አለፈ።

ላቪኒያ


ፊሊፕስበርግ
ጁላይ 18 ቀን 1958

ለጃቤዝ፤

ደህና ነህ? ደህና ከሆንክ ልቆጣህ ነው።

የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ሲያየኝ ከሩቁ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል። ዴንዚል ከስቷል። አጉርሼው ይውጣል፤ ካላጎረስኩት አይጠይቅም። በጎረቤትህ ማንኪያ ልመግበው ብሞክር ጥርሱን ገጠመ። አይቫ ወደ ሲያትል ወደ ልጇ ልትሄድ ነው፤ ሥራ በሌለበት ቁጭ በይ ልላት አልችልም። በረት ውስጥ የተደረደሩትን ሳጥኖች በየማታው እቆጥራለሁ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ። አናኮንዳ ከተማ ያለው የመሣሪያ ነጋዴ ኮቫቺች ጭነቱ ዛሬ ካልደረሰው ከሌላ እንደሚገዛ በስልክ ነገረኝ። ዛሬ ጠዋት ጫንኩለት። አያታችን ከመቃብር ቢነሱ ይቅር ይሉኛል፤ ወንድም ነበራቸውና። አንተ ግን ይቅር በለኝ አልልህም፤ ብትጽፍ ኖሮ እጠብቅህ ነበር።

ላቪኒያ


ቴሌግራም
ኪንግ ሳልሞን፣ አላስካ — ጁላይ 24 ቀን 1958
ለላቪኒያ ፔንሄል፣ ፊሊፕስበርግ፣ ሞንታና

አረሩን አትሽጪ። የተሸጠ ካለ ዛሬውኑ ሰብስቢ። ደብዳቤ ይከተላል። ጃቤዝ


ኢሊያምና ሐይቅ
ጁላይ 22 ቀን 1958

ለላቪኒያ፤

እግዜር ይህ ወረቀት በጊዜ እንዲደርስ ያድርግልኝ። ፓይለቱ ጭጋጉ ገለጥ ካለ ነገ እመጣለሁ ብሏል፤ ቴሌግራም እንዲመታልኝም አደራ እለዋለሁ። ከባሕር የተመለስኩት ትናንት ነው። ሳጥኑን በር ላይ አገኘሁት፤ ልብሴን ሳልቀይር ከቀለህና ከባሩድ ጋር ገጥሜ ተኮስኩ።

ከላይ ያሉት ቀጥ ብለው ሄዱ። ደስ ብሎኝ «ጥሩ ነው» የምትለዋን ካርድ ልጽፍ ነበር። የአባቴ ወግ ትዝ አለኝና ከሳጥኑ ታች አወጣሁ። ከላይም ከታችም ሳትቀምስ ድስቱን አትመርቅ ይል ነበር፤ ታስታውሻለሽ። ከታች ያለችውን ሳጎርስ የጠብመንጃው መቀርቀሪያ አልዘጋ አለ። ለካኋት። ወፍራለች። ሁሉንም በወጡበት ተራ ለካሁ፤ እየወፈሩ ነው የሄዱት። ፎርማው ለስልሷል ላቪኒያ፣ በየግፊቱ እየተለጠጠ ነው። አንድ ግትር ሰው መቀርቀሪያውን በግድ ዘግቶ ቢተኩስ ጠብመንጃው ፊቱ ላይ ይፈነዳል።

የዴንዚልን ነገር ስትጽፊ ሳጥኑን የደፋው በክፋት መስሎሻል። በክፋት አይደለም። አረሯን ወደ ብርሃን አዙሮ ሲያይ ያኔውኑ አውቆታል። እጁን የሰጠባቸው ብረቶች ከንቱ መሆናቸውን በገዛ አፉ ማለት አቅቶት ነው ዝም ያለው። አንቺስ ብትሆኚ ትይው ነበር?

ጃቤዝ


ፊሊፕስበርግ
ኦገስት 8 ቀን 1958

ለጃቤዝ፤

ዕድሜ ይስጥህ። ይሄን ያልኩህ ከአንገት በላይ አይደለም።

ቴሌግራሙ እንደደረሰኝ ወጥ ምድጃ ላይ ጥጄ ወደ አናኮንዳ ነዳሁ። ኮቫቺች ሳጥኖቹን እያጉረመረመ መለሰልኝ። አንድ ሳጥን ግን ተሸጧል፤ ቢግ ሆል ሸለቆ ለሚኖረው ከብት አርቢ ለስተንሩድ። የእሱን መንገድ ታውቀዋለህ፤ መኪናዬ እንደ ፍየል እየዘለለች ደረስኩ። ስደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ጠብመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ መቀርቀሪያውን በእንጨት መዶሻ ይደበድባል። ጥይቱ ውስጥ ነው። «ልዘጋው ትንሽ ነው የቀረኝ» አለኝ።

«ስተንሩድ፣ እጅህን አንሳ» አልኩት።

«ላቪኒያ፣ ልትዘርፊኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ጠብመንጃውን ተቀብዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሚስቱ ውሃ አመጣችልኝ፤ ልጆቻቸው ዙሪያዬን ቆመው ያዩኛል። ያ ሰው ለአንድ ምት ያህል ቢቀድመኝ ኖሮ እነዚያን ልጆች በምን ዓይኔ አይ ነበር?

ቤት ስመለስ ያልኩህን አደረግሁ፤ ማለቴ አንተ ያልከኝን። የሠላሳውን ፎርማ ዴንዚል ፊት ይዤ ቀረብኩና ሞረዱን አስነካሁት። ነከሰ። እንደ አይብ ነከሰ። የቀሩትንም እንዲሁ፤ ሁሉንም። ቀና ብዬ ሳየው እንባው በጉንጩ ይወርዳል። «አውቀህ ነበር?» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያን ቀን ወዲህ አጉርሼውም ከጥቂት ሾርባ በቀር አይውጥም። ሐኪሙ መጥቶ አየውና «የተሰበረው ልቡ ነው፣ ለዚህ መድኃኒት የለኝም» አለኝ።

አረሮቹን ሁሉ መልሼ አቀለጥኳቸው። አይቫ ሄዳለች። ፎርማ ሠሪ አፈላልጌ ጻፍኩ፤ ወረፋው ለሚመጣው ዓመት ነው አለኝ። ሳይቃጠል በቅጠል እያልን ነው ያደግነው፤ ከተቃጠለ በኋላ በምን እንደሚባል ግን ያስተማረን የለም።

ስለዚህ ከኤፕሪል ጀምሮ ያልጠየቅሁህን ልጠይቅህ ነው። ስትሄድ የወሰድከው የሠላሳው ፎርማ። ሰረቅህ አላልኩህም፣ ሌላውም ሲልህ አፉን ዘግቼዋለሁ። አባትህ እስኪሞቱ ድረስ የዚያን ፎርማ ቦታ ባዶውን ትተውት ነበር፤ ሌላ እንዳናስቀምጥበት ይከለክሉን ነበር። ወንድሜ እየሞተብኝ ነው። ለምኜ አላውቅም፤ ይኸው ለመንኩህ።

ላቪኒያ


ኢሊያምና ሐይቅ
ኦገስት 27 ቀን 1958

ለላቪኒያ፤

ለወንድምሽ እስትንፋሱን ያቆይልሽ።

ሳትለምኚኝ መላክ ነበረብኝ። የመጀመሪያ ደብዳቤሽን ሳነብ ምን እንደፈለግሽ ገብቶኝ ነበር፤ ሳልሞን ላክሁልሽ። ማንኪያ ላክሁልሽ። ያውም ለዴንዚል።

አባቴ ወርክሾፑን ለማን እንደሚሰጥ ሲነግረን አንቺም ነበርሽ። «ልጄ ጃቤዝ ነው፤ እጅ ያለው ግን ዴንዚል ነው» አለ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ፎርማውን አንስቼ ወጣሁ። ቦታው ባዶ እንደቆየ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር፤ ንዴቱን ብቻ ይዞ የሞተ ይመስለኝ ነበር። ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። አንዳንዴ ፎርማውን አውጥቼ አፉ ላይ አውራ ጣቴን ሳሳርፍ እሱ ያለሰለሰው ቦታ ነውና አባቴን የነካሁ ይመስለኛል። ሌላ የእሱ የሆነ ነገር የለኝም።

ተጠቅልሎ በዚህ አውሮፕላን መጥቷል። ለዴንዚል ስጪው። ከእኔ ነው አትበይው፤ ከአጎትህ ነው በይው።

ጃቤዝ


ፊሊፕስበርግ
ሴፕቴምበር 16 ቀን 1958

ለወንድሜ ለጃቤዝ፤

መንገድህን ሁሉ ይባርክልህ፤ እንዲህ ያልኩበትን ምክንያት ወደ ታች ታገኘዋለህ።

ጥቅሉ ቅዳሜ ደረሰ። በሱፍ ካልሲህ ውስጥ ነበር፤ ካልሲው መታጠብ ነበረበት፣ ይሄን ዝም ብዬ አላልፍም። ፎርማውን አውጥቼ ዴንዚል መዳፍ ላይ አኖርኩት። «ከአጎትህ ነው» አልኩት እንዳዘዝከኝ።

ሁለቱ መዳፎቹ መሃል አቅፎት ብዙ ቆየ። በጣቱ ሊዳስሰው ሞከረ፤ ጣቱ አይሰማም። ሲያቅተው አየሁ፣ ፊቱ ተለወጠ፣ ይጥለዋል ብዬ እጄን ከሥሩ ዘረጋሁ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ወደ ፊቱ አነሳውና የፎርማውን አፍ የታች ከንፈሩ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፍኖ በከንፈሩ ዙሪያውን ዳሰሰው። አፍንጫው ተንቀሳቀሰ። ግንባሩን ቋጠረ።

«ይሄ ጅል የድብ ስብ ቀብቶታል» አለ።

ጃቤዝ፣ ድምፁን ረስቼው ነበር። እንደ ዛገ በር ነው የወጣው። ፎርማውን ከከንፈሩ አውርዶ «የድብ ስብ ብረት ላይ ይቀባል? ቤንዚን አምጪ፣ ልጠበው። ከምድጃው አርቀሽ» አለኝ። አመጣሁ። ከምድጃው አርቄ። አጠበው፤ እኔ ያዝኩለት፣ እሱ በሁለት መዳፉ ጨርቁን አሸው። ሲጨርስ ሞረድ ጠየቀኝና ራሱ አስነካው። ተንሸራተተ። ያኔ ነው «ዳቦ የለም ወይ?» ያለኝ።

አሁን ማሽኑ ይሠራል። መቆጣጠሪያውን በክርኑ ይገፋል፣ እኔ ለማሽኑ እርሳሱን አጎርሳለሁ። ቀስ ብለን ነው፤ ወቅቱም እያለቀ ነው፣ ኮቫቺችም ከሌላ ገዝቷል። ሥራው ይዝለቅ አይዝለቅ ገና አላውቅም። ዴንዚል ግን በየቀኑ ሲሳደብ ይውላል፤ እኔም ስድቡን እንደ መዝሙር እሰማዋለሁ።

ትናንት እራት ላይ «ለጃቤዝ ጻፊ» አለኝ። ቃል በቃል እነሆ፤ «አጎቴ የመረጠኝ ለእጄ ብሎ ነው። እጁ አሁን የለም። አዲስ ፎርማ የሚሞርድ ሰው ያስፈልገናል፤ ይህን ያህል ዘመን አንዱን ፎርማ ሳያበላሽ ከያዘ እሱም እጅ አለው። ሐይቁ በረዶ ሳይሆን ይምጣ በይው።» ከዚያ ሾርባው ላይ አቀርቅሮ ጠጣ። በጎረቤትህ ማንኪያ።

የመጀመሪያውን ሳጥን ሞልተናል። አልላክሁልህም። የዴንዚል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ መጥተህ ከላይም ከታችም ተኩሰው።

እህትህ ላቪኒያ